ግልጽ ደብዳቤ፦ ወታደሩ ስንብት ከመጠየቁ በፊት የሚያማክረው ሰው ይኑር

ለጎንደር ከተማ የሥራና ክህሎት መምሪያ፣
በጎንደርና በዙሪያዋ ሠራተኛ ለምትቀጥሩ ድርጅቶች ሁሉ፣
እንዲሁም መለዮ ለብሳችሁ «ልውጣ ወይስ ልቆይ» እያላችሁ ለምትብሰለሰሉ ወንድሞቼና እህቶቼ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የቀድሞ የመከላከያ ሠራዊት አባል ነኝ። የወጣሁት በሃምሳ አለቃ ማዕረግ ነው። በሠራዊቱ ውስጥ ሥራዬ ንብረት ክፍል ነበር። አሁን ደግሞ አዘዞ አካባቢ በሚገኝ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ንብረት እቆጣጠራለሁ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጎንደር ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስልኬ ስለማያርፍ ነው። የሚደውሉልኝ አብረውኝ ያገለገሉ ልጆች ናቸው። አንዱ ከምሥራቅ ይደውላል፣ አንዱ ከደቡብ ጠረፍ፣ ሌላው ለፈቃድ መጥቶ ፒያሳ ሆኖ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ሃምሳ አለቃ፣ ልውጣ ወይስ ልቆይ?» የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ግን ይህ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ጆንያ እየቆጠረ በስልክ የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም። የአንድ ቤተሰብ ኑሮ የሚወሰንበት ጥያቄ ነው።

ልላችሁ የፈለግኩት ነገር አጭር ነው። ወታደር ከወጣ በኋላ «አይዞህ» የሚለው አያጣም። ከመውጣቱ በፊት ግን ቁጭ ብሎ የሚያናግረው ሰው የለም። ስለዚህ የሚወስነው በካምፕ ወሬ፣ በናፍቆት ወይም በንዴት ነው። ጡረታው ስንት እንደሆነ ከጓደኛው ይሰማል። ሥራ እንዳለ ከአጎቱ ልጅ ይሰማል። ፈርሞ ከወጣ በኋላ ነው እውነቱን የሚያገኘው። ያኔ መመለሻው ከባድ ነው። ይህን ከተማችን ልታስተካክለው ትችላለች፤ የሚያስፈልገውም ገንዘብ ትንሽ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከ2015 ክረምት ወዲህ በየቤቱ ያለውን ሐዘንና ስጋት እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም። ይህ ደብዳቤ ማንንም ለመደገፍ ወይም ለመንቀፍ አልተጻፈም። ግን ጉዳዩን ዘልዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። መለዮ ለብሶ የነበረ የጎንደር ልጅ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ «ሰው እንዴት ያየኝ ይሆን» ብሎ ይጨነቃል። በመጨነቁ አይፈረድበትም። አንዳንዱ የሥራ ልምድ ወረቀቱን ከሻንጣው ሳያወጣ የቀን ሥራ የሚገባው ለዚህ ነው። እሱ የአንዲት እናት ልጅ ነው። ወደ ሰላማዊ ኑሮ ልመለስ ያለን ሰው በር ከዘጋንበት፣ ሰላም እንፈልጋለን የምንለው ምኑ ላይ ነው?

አሁን መጀመሪያ ለጓዶቼ ልጻፍ። የከተማው ሰዎችም አብራችሁ አንብቡት። ወታደሩ ምን እያሰበ እንደሚወጣ ታውቁበታላችሁ።

በንዴት አትፈርሙ። አንድ ሬዲዮ ኦፕሬተር የነበረ የሰፈራችን ልጅ ነበር። ለጥምቀት ፈቃድ ጠይቆ ተከለከለ። የጎንደር ልጅ ጥር 11 ፋሲለደስ መዋኛ ካልተገኘ ምን እንደሚሰማው እናንተም ታውቃላችሁ። የዚያኑ ማታ የስንብት ማመልከቻ ጽፎ ለጋንታ መሪው ሰጠ። ጋንታ መሪው ጥሩ ሰው ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ፋሲካ ሲደርስ ከፈለግከው እሰጥሃለሁ» አለው። ፋሲካ ደረሰ፤ ልጁ ወረቀቱን አልጠየቀም። በኋላ የግንኙነት ኮርስ ደረሰው፤ ሰርተፊኬቱን ያዘ፤ ከዚያ በሰዓቱ፣ ረጋ ብሎ ወጣ። ዛሬ ሥራ አለው። ያን ማታ ወጥቶ ቢሆን ባዶ እጁን ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ።

ሌላው ራሳችሁን የምትጠይቁት ነገር፣ የሰለቻችሁ ሥራው ነው ወይስ ቦታው? ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ከደወሉልኝ ልጆች ብዙዎቹን «ለቤትህ ቀረብ ያለ ምድብ ቢሰጥህ ትቆያለህ?» ስላቸው ዝም ይላሉ። ከዚያ «አዎ፣ እቆያለሁ» ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ዝውውር እንጂ ስንብት አይደለም። መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። የትምህርት ዕድል የሚጠብቅ ሰውም አይቸኩል። በመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉ ኮሌጆች፣ ምሕንድስናውም ጤናውም፣ ለገባባቸው ሰው ትልቅ በር ናቸው። መቆየት የፈሪ ውሳኔ አይደለም፤ ማንም እንዲህ ብሎ እንዳያሳፍራችሁ።

በሌላ በኩል ደግሞ ልቡ የወጣ ሰው አለ። ልጁ ሲያድግ ማየት የሚፈልግ፣ እናቱ የደከመች፣ ሰውነቱ ግዳጅ የማይችልለት። እሱ ይውጣ። በክብር ያገለገለ ሰው በክብር ሲወጣ ከዳተኛ አይባልም። እንዲህ የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ካምፕ ውስጥ ሆነን ደመወዛችንን ስናይ ትንሽ ይመስለናል። ከውስጡ የማይወጣውን ግን አንቆጥርም። የቤት ኪራይ የለበትም። ቀለብ የለበትም። ጫማና ልብስ፣ ሕክምና የለበትም። ጎንደር ገብታችሁ ማራኪ ወይም ቀበሌ 18 አንዲት ክፍል ስትከራዩ፣ ጤፍ ስትገዙ፣ ውሃ ጠፍቶ በጀሪካን ስታስመጡ፣ ያ «ትንሽ» ደመወዝ ምን ያህል ይሸፍን እንደነበር ይገባችኋል። ከመውጣታችሁ በፊት ከባለቤታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የወር ወጪ ጻፉ። ያለ ደመወዝ ስንት ወር መቆየት እንደምትችሉ ቁጥሩን እወቁት። ሥራ ወዲያው ይገኛል ብላችሁ አትቁጠሩ። የጎንደር ሆቴሎች እንግዳ ሲጎድልባቸው ሠራተኛ እንደሚቀንሱ ታውቃላችሁ። የሰሊጥ ንግዱም በመንገዱ ሰላም ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ጡረታን በተመለከተ ካምፕ ውስጥ የሚወራው ግማሹ የተሳሳተ ነው። ከእያንዳንዳችን ደመወዝ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል። ለሲቪል ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ ሲያዋጣ ለወታደር ግን 25 በመቶ ነው የሚዋጣው። በ2003 የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ያስቀመጠው ስሌት ደግሞ እንዲህ ነው። 10 ዓመት ያገለገለ ባለጡረታ የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ መነሻ ይሆንለታል። ከ10 በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25፣ ለወታደሩ 1.65 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ለምሳሌ 18 ዓመት ያገለገለ ወታደር በዚህ ስሌት 43.2 በመቶ ይደርሳል ማለት ነው። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ያ አዋጅ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል፤ ስለዚህ ከጓደኛችሁ በተቀበላችሁት የድሮ ኮፒ አትወስኑ፤ አዲሱን አንብቡ ወይም አስነብቡ። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። በጡረታ መውጣትና በራስ ፈቃድ መልቀቅ በሕጉ ዓይን የተለያዩ ናቸው። ያንኑ ያህል ዘመን ያገለገሉ ሁለት ሰዎች፣ በወጡበት መንገድ ምክንያት የተለያየ ነገር ሊያገኙ ይችላሉ። ጥቂት ወራት ቢታገሥ የተሻለ የሚያገኝ ሰው፣ ይህን ሳያውቅ ይፈርማል። ይህን የሚያስረዳው ሰው ግን የት አለ?

ታላላቆቻችን ይህን ዕድል እንኳ አላገኙም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የቀድሞ ሠራዊት ባንድ ጊዜ ተበተነ። ማንም ልውጣ ወይስ ልቆይ ብሎ አልጠየቀም። ለመልሶ ማቋቋም ኮሚሽን ተቋቁሞ ብዙ ሥራ ሠርቷል። ሆኖም የስንቱ መካኒክ፣ የስንቱ ነርስና ሹፌር ሙያ መንገድ ላይ እንደቀረ በየሰፈሩ ያሉ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። በ2015 የተቋቋመው የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽንም ሥራው የቀድሞ ታጣቂዎችን መመለስ ነው። በመደበኛ ስንብት፣ አንድ በአንድ፣ ሻንጣውን ይዞ በአውቶቡስ ለሚመጣው ወታደር አልተቋቋመም። እሱ ቁጥሩ ባንድ ጊዜ ብዙ ስለማይሆን ማንም አያየውም።

ወረቀት ላይም አንዳንድ ነገር ልምከራችሁ። ከክፍላችሁ ሳትወጡ በፊት የመሰናበቻውንና የክሊራንሱን ወረቀት ብቻ አትያዙ። የሥራ ልምዱ «አገልግሏል» ብቻ ብሎ እንዳያልፍ ጠይቁ። ምን ሠራችሁ፣ ምን አንቀሳቀሳችሁ፣ ከእናንተ ሥር ስንት ሰው ነበር፣ ምን ኮርስ ወሰዳችሁ፣ ይጻፍበት። የሕክምና ማስረጃ ያለው ኮፒውን ይያዝ። ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው የሲቪል መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ያጣራ። ከወጣችሁ በኋላ አንድ ማኅተም ፍለጋ ወደ ሩቅ ምድብ መመለስ ምን ያህል እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ቀጣሪዎች።

ሥራ ስፈልግ የገጠመኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ለንብረት ክፍል ሰው እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ማስረጃዬን በፕላስቲክ አድርጌ ሄድኩ። ያነጋገረኝ ሰው ትሑት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። «መከላከያ» የሚለውን ሲያይ ፋይሉን ዘጋውና «ለጥበቃ ቦታ አለን፤ የማታ ሺፍት» አለኝ። ሁለተኛውን ገጽ አልገለጠውም። ሥራዬ የተጻፈው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር።

በሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ሥራ ምን እንደሆነ ላስረዳ። በአንድ ሻለቃ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለ። ያ ሰው ሁሉ ይበላል፣ ይለብሳል፣ ይጫማል። መኪና ሌሊት ይደርሳል። ዱቄት፣ ዘይት፣ ምስር፣ ጨው፣ ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ ናፍጣ። በባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ ትቆጥራለህ። በሞዴል 19 ገቢ ታደርጋለህ። ዝናብ ከመጣ ሸራ ትዘረጋለህ፤ አይጥ እንዳይገባ ከመሬት አንስተህ ትደረድራለህ። ሲነጋ ለየሻምበሉ በሞዴል 22 ወጪ ታደርጋለህ። ቢን ካርዱ ላይ፣ ማለትም በየዕቃው መመዝገቢያ ካርድ ላይ፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ ትጽፋለህ። ቆጠራ ሲመጣ አንድ ጀሪካን ዘይት ቢጎድል ተጠያቂው አንተ ነህ። ቀለቡ አንድ ቀን ቢዘገይ ደግሞ ጉዳዩ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ሰው ይራባል። ይህን በድንኳን ውስጥ ለዓመታት የሠራ ሰው፣ ጣሪያና መብራት ባለው መጋዘን ውስጥ ሰሊጥና ጤፍ መቆጣጠር ያቅተዋል? አሁን የምሠራበት ቤት ባለቤት ሁለተኛውን ገጽ ገልጠው አነበቡ። «ቁልፉን ከነገ ጀምሮ አንተ ያዝ» አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው። የሠራዊት ወጥ ቤት የሠራ ሰው ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ለብዙ ሰው ቁርስ በሰዓቱ ማድረስ ያውቃል። ይህ ለሆቴል፣ ለሆስፒታል፣ ለዩኒቨርሲቲ ካፌ የሚጠቅም ሙያ ነው። መካኒኩ መለዋወጫ በሌለበት በረሃ መኪና አስነስቷል። ሜዲኩ የሚደማ ሰው ፊት እጁ አይንቀጠቀጥም። የጋንታ መሪ የነበረው ከየብሔሩና ከየሃይማኖቱ የመጣ ወጣት አስተባብሯል፤ ሲታመሙም ሲጣሉም አብሯቸው ነበር። አንድ የሕንጻ ሥራ ተቋራጭ ፎርማን ሲፈልግ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋል?

ጥበቃን እየናቅኩ አይደለም። ጥበቃ የክብር ሥራ ነው። ብዙ ጓዶቼ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በእሱ ነው። የምለምነው ወታደር ነበርኩ ለሚል ሰው ሁሉ እሱን ብቻ አታሳዩት ነው። መጀመሪያ «ምን ትሠራ ነበር?» በሉት። «የየት ግንባር ነበርክ?» የሚለውን ግን እባካችሁ ተዉት። ለሥራው አያስፈልጋችሁም፤ እሱም እንዲያስታውሰው የማይፈልገው ነገር ሊኖር ይችላል።

ከሥራ ልምዱ ይበልጥ ጓዶቼን የሚጥላቸው ግን ዋስ ነው። ይህን ጉዳይ በደንብ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። በእኛ ከተማ ንብረት ወይም ገንዘብ የሚነካ ሥራ ያለ ዋስ አይገኝም። ዋሱ ደግሞ ደመወዝተኛ መሆን አለበት። መሥሪያ ቤቱ ይጻፍለት ይባላል። ወታደሩ ከየት ያምጣ? ዕድሜውን የጨረሰው ከጎንደር ውጭ ነው። የሚያምኑት ሰዎች ጓዶቹ ናቸው፤ እነሱ ምድብ ላይ ናቸው። ዘመዶቹ ደንቢያ ወይም ወገራ አራሽ ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም። ከተማ ያለው የክፍል ጓደኛው «እኔ እንኳ ፈቃደኛ ነበርኩ፤ ባለቤቴ አልተስማማችም» ይለዋል። እንዲህ ሆኖ የተገኘው ሥራ በሳምንቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል። በመቶ ሺዎች ብር የሚያወጣ የመንግሥት ንብረት በፊርማው ሲያንቀሳቅስ የኖረ ሰው፣ «የሚያምንህ ሰው አምጣ» ተብሎ ሲመለስ ማየት ያማል።

መፍትሔ የለውም ግን አልልም። የመድን ድርጅቶች የታማኝነት ዋስትና የሚባል ሽፋን ይሸጣሉ። ቀጣሪው ሊገዛው ይችላል፤ ዓረቦኑን ከሠራተኛው ጋር መጋራትም ይቻላል። ወይም ከመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ ሠራተኛው ተስማምቶ በመጠኑ ይያዝና ዓመት ሲሞላው ይመለስለት። ወይም ሥራ ያገኙ ሁለት ሦስት የቀድሞ ወታደሮች ተባብረው ለአዲሱ ይፈርሙ፤ እኔ ዛሬውኑ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ። ከሦስቱ አንዱን የሚሞክር ቀጣሪ በከተማችን ቢገኝ ብዙ ነገር ይቀየራል።

ስለ ቤት ጉዳይ ትንሽ ብቻ ልበል። ባል ግዳጅ ላይ ሳለ ቤቱን ያቆመችው ሚስት ናት። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባችው፣ እድሩን የከፈለችው፣ ለቅሶ የደረሰችው እሷ ናት። ስለዚህ የስንብቱ ውሳኔ የሁለት ሰው ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቋት። ስትመለሱም ቤቱ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ቀስ ብላችሁ ግቡበት። ሴት የሠራዊት አባላት ደግሞ ሌላ ጫና አለባቸው። ስትመለስ ሰው ስለ ሙያዋ ሳይሆን «መቼ ነው የምታገቢው» ብሎ ነው የሚጠይቃት። አንዲት አስር አለቃ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። እሷ ነርስ ናት፤ ስለ ነርስነቷ ትጠየቅ።

እድር ያልኩት ለምክንያት ነው። ከመውጣታችሁ በፊት በእናታችሁ ወይም በባለቤታችሁ ስም ያለው እድር ውስጥ ስማችሁ ይግባ። ሰፈር ውስጥ ሰው የሚያውቃችሁ በለቅሶና በሠርግ ስትገኙ ነው። ሥራም የሚሰማው እዚያ ነው።

እንቅልፍ የሚያጡ አሉ። ይህን ወንዶች አንናገረውም። በእኛ አገር ለሠርግም ለለቅሶም ጥይት ይተኮሳል፤ ድምፁን ሲሰማ ከአልጋው የሚወርድ ሰው አውቃለሁ። ልጆቹ ፊት ያፍራል። ይህ ዕብደት አይደለም፤ ሰውነቱ የለመደው ነገር ነው፤ ሕክምናም አለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ሐኪሙንም ይይ። አንዱ አንዱን አይከለክልም።

እጃችሁ የገባችውን ገንዘብ ደግሞ በመጀመሪያው ወር አታንቀሳቅሷት። ወታደር መውጣቱን ደላላ ከቤተሰቡ ቀድሞ ይሰማል። ባጃጅ አለ፣ ቦታ አለ፣ ሽርክና አለ ይላችኋል። የምታውቁት ሙያ ያላችሁ በሙያችሁ ጀምሩ።

ወደ መምሪያው ልመለስና ጥያቄዬን ላቅርብ።

አንድ ጠረጴዛ ስጡን። አዲስ ቢሮ አንጠይቅም፤ አዲስ በጀትም አንጠይቅም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከስንብት በፊት ያለ ወታደር መጥቶ ወይም ደውሎ የሚጠይቅበት ቦታ ይሁን። ፈቃድ ላይ የመጣ ልጅ ፒያሳ ሻይ ሲጠጣ ከሚሰማው ወሬ ይልቅ እዚያ ገብቶ እውነቱን ይስማ። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ሦስት ነገር ይወቅ። የጡረታ አዋጁን የሚያስረዳ ወይም ወደሚያስረዳ የሚመራ ይሁን። ጎንደር ውስጥ የትኛው ሙያ ሰው እየተፈለገበት እንደሆነ ሳይሸፋፍን የሚናገር ይሁን። የለም ከሆነ የለም ይበል፤ ያ ልጅ ይቆያል፤ ይህም አንድ መልስ ነው። ሦስተኛው የሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ ጉዳይ ነው።

ሲኦሲውን በተለይ አደራ እላችኋለሁ። ኮሌጅ ሳይቀመጥ በሥራ ሙያ የተማረ ሰው ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ የሚያገኝበት መንገድ አለ። ለሠራዊት መካኒክ፣ ኤሌክትሪሻን፣ ወጥ ሠሪና ብየዳ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ያ ወረቀት ካለው ቀጣሪው ሁለተኛውን ገጽ ለመግለጥ ይገደዳል። ችግሩ ወታደሩ መቼ፣ የት፣ በምን ደረጃ እንደሚመዘን አለማወቁ ነው። ፈቃድ ላይ ሳለ ተመዝግቦ በዚያው ፈቃዱ የሚመዘንበት መንገድ ቢመቻችለት፣ ስንብት ሲጠይቅ ወረቀቱ በእጁ ይሆናል። የጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ መምህራንም ተግባሩን አሳይተው ቢያለማምዱት ክፍተቱን ይሞላሉ። ለጡረታውና ለውሉ ጥያቄ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የሕግ ሰዎች አንድ ቅዳሜ ቢሰጡን ትልቅ ነገር ነው።

ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ ሰው አጣን እንዳትሉ። እኔና ሌሎች ጥቂት የቀድሞ አባላት ተነጋግረናል። አንዱ መካኒክ ነው፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ ባንክ ቤት ይሠራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ ተራ ገብተን እንቀመጣለን። ለሚመጣው ልጅ የሚሰጥ የወረቀቶች ዝርዝርም ጽፈን ጨርሰናል፤ ባለ ሁለት ገጽ ነው፤ መምሪያው ተመልክቶ ያርምልን። ከእናንተ የምንፈልገው ጠረጴዛው፣ አንድ ስልክና መምሪያው የሚያውቀን መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ቀጣሪዎችም በዚሁ ስልክ ሰው ስትፈልጉ ንገሩን፤ ማን ምን እንደሚችል እኛ እናውቃለን።

ከጥቅምት በኋላ ለፈቃድ የሚመጡ ልጆች አሉ። ከዚያ በፊት መልሳችሁን ብናገኝ ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ ሃምሳ አለቃ
አዘዞ፣ ጎንደር